የጭንቅላት ቫይታሚን

ሰኞ፣ ግንቦት 4

ዝናብ። ከዓለም ባንክ ሰፈር ቤቴል ለመድረስ በታክሲ አርባ ደቂቃ። ረዳቱ ሦስት ሰው በሚቀመጥበት ላይ አራተኛ ሊጨምር ሲል "ና አንተው ጭኔ ላይ ተቀመጥ" አልኩት። ተሳፋሪው ሳቀ። እሱ አልሳቀም።

የፋርማሲውን በር ሳልከፍት አንድ አባት ቆሞ ጠበቀኝ። ከረባት አስሯል፣ ጫማው ላይ የጭቃ ጠብታ የለም... መኪና አለው ማለት ነው። ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ "እህቴ፣ ያ የጥናት ኪኒን የሚሉት አለ?"

"የምን ጥናት?"

"ልጄ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ናት። ጓደኞቿ እሱን እየወሰዱ ሌሊቱን ሙሉ ያነባሉ አሉ።"

"ታማለች?"

"ኧረ በጭራሽ!" ሊቆጣኝ ሁሉ ቃጣው።

"እንግዲያው ላልታመመ ሰው መድኃኒት የሚሸጥ ቤት ሲያገኙ ለእኔም ይጠቁሙኝ" አልኩት። አብሮኝ የሚሠራው ዳባ ከመደርደሪያው ጀርባ ሳቁን ሲያፍን ሰማሁት። ሰውዬው በሩን አላትሞ ወጣ። ያላትም።

አንጀቴን የሚያሳርረኝ ግን ምኑ ነው? መድኃኒቱ ለማን እንደተሠራ ስለማውቅ ነው። ቤቴ ውስጥ አለ። የእህቴ ልጅ ኑሕ ዘጠኝ ዓመቱ ነው፤ ያለ እሱ አንድ መስመር ጀምሮ አይጨርስም። እንደ ኑሕ ላለው ልጅ ያረጋጋል። ለጤነኛው ልብ ያስደልቃል፣ እንቅልፍ ይነሳል፣ ምግብ ያስጠላል፣ ሲቆይ ደግሞ ያለ እሱ መዋል ያቅታል። በልዩ ማዘዣ ብቻ የሚወጣው፣ የሚቆለፍበትም ለዚህ ነው። ከረባት ያሰረ ሁሉ ግን ከረሜላ መስሎታል።

ረቡዕ፣ ግንቦት 6

ከረባቱ ሰውዬ ዛሬ ሚስቱን ላከ። ባዶ እጇን ተመለሰች። ነገ አማቱን ይልካል።

ሰኞ፣ ግንቦት 11

ከኑሕ ትምህርት ቤት ደብዳቤ። ማህተሙ ከጽሑፉ ይበልጣል። ልጁ ከምሳ በፊት ደህና ነው፣ ከምሳ በኋላ ወንበር ላይ ይወጣል፣ ክፍል ይረብሻል፣ እስከ ሰኔ መጨረሻ ካልታረመ ለሚቀጥለው ዓመት አይመዘገብም። ካልታረመ! እስረኛ ነው እንዴ? ይህ እኮ ሦስተኛ ትምህርት ቤቱ ነው። ከዚህም ከወጣ ማን ይቀበለዋል?

ዙሀራ ደብዳቤውን ይዛ አለቀሰች። እህቴ ለሁሉም ነገር መልሷ እንባ ነው። ከዚያ ቀና ብላ፣ "ቫይታሚኑ አልሠራም ማለት ነው?" አለችኝ።

ቫይታሚኑ... አዎ፣ እኔው ነኝ እንደዚያ ያልኳት። ከሰባት ወር በፊት ኑሕን የአእምሮ ሐኪም ጋ የወሰድኩት እኔ ነኝ። እሷማ "የእብድ ሐኪም ጋ ልጄን ይዤ አልሄድም" ብላ ሱቋ ውስጥ ተቀመጠች። ማዘዣውን ይዤ ስመለስ ምን ብዬ ላስረዳት ነበር? ስምንተኛ ክፍል ላቋረጠች ሴት ስለ ትኩረት መታወክ ላስተምር? "የጭንቅላት ቫይታሚን ነው፣ በቃ" አልኳት። ተገላገልኩ። ጎረቤትም ወሬ አላገኘ። ባሏ ዩሱፍም ንግዱን ትቶ ከጅማ እየደወለ "ልጄን እብድ አደረጋችሁት" አላለ።

አሁንም ትክክል ነኝ። ለሰው የሚነገረው የሚችለውን ያህል ነው።

ዓርብ፣ ግንቦት 15

ዛሬስ ጉድ ነው ያየሁት። አንዲት የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ማዘዣ ይዛ መጣች። በቀለም የወጣ ፎቶ ኮፒ! ማህተሙን በእርጥብ ጣቴ ባሸው ባሸው ቀለሙ አይለቅም። የታዘዘበት ቀን እሁድ ነው። ዕድሜ የሚለው ላይ "7" ተጽፏል። የማንን ልጅ ማዘዣ አንስታ እንደገለበጠች አላህ ይወቀው። የሰባት ዓመቷ ሕፃን ጥፍሯን ተቀብታ፣ ቦርሳ አንጠልጥላ ፊቴ ቆማለች።

"ብቻሽን ነው አስፋልት ያቋረጥሽው? ማሚስ?" አልኳት። ሰልፍ የያዘው ሰው ሁሉ ሳቀ። ወረቀቱን ይዤ አስቀረሁ፣ ለሚመለከታቸው ደወልኩ። ልጅቷ እያለቀሰች ወጣች።

ዳባ አኮረፈ። "እንዲህ እያሳቅሽባቸው... ነገ አንዱ የምር ሲቸግረው ማንን ይጠይቃል?"

"ጉግልን" አልኩት።

እራት ላይ ስተርክላቸው ኑሕ ከወንበር እስኪወድቅ ሳቀ። ዙሀራም ሳቀች። አልፊያ ብቻ አልሳቀችም። የዙሀራ ትልቋ ልጅ ናት፣ እሷም የዘንድሮ አሥራ ሁለተኛ ክፍል። ስልኳ ላይ አቀርቅራ "ያሳዝናል" አለች። ምኑ ነው የሚያሳዝነው? አንቺን ነው የሚያሳዝነው፣ ሐምሌ ላይ ፈተና እያለሽ ቲክቶክ የምትቆጥሪ። ኑሕ እንኳን አሁን ሁለት ሰዓት ሙሉ ቁጭ ብሎ ይሠራል፣ አንቺ ግን... አልኳት። ተነስታ ገባች።

ማክሰኞ፣ ግንቦት 19

ቆጠርኩ። የኑሕ መድኃኒት ብረት ሳጥን ውስጥ፣ ሳጥኑ ቁም ሳጥኔ ውስጥ፣ ቁልፉ አንገቴ ላይ። የጠዋቷን ራሴ አስውጠዋለሁ፣ "ኣ በል" ብዬ ምላሱ ሥር አያለሁ። የቀኗን በወረቀት ጠቅልዬ ለዙሀራ እሰጣታለሁ። የልጆች ልብስ የምትሸጥበት ሱቅ ከትምህርት ቤቱ ፊት ለፊት ነው፤ ሁለቱም ልጆች ምሳ የሚበሉት እዚያ ነው።

በመዝገቤ አሥራ አራት ፍሬ መቅረት ነበረበት። አሥራ አራት አለ። አንዲት አልጎደለችም። በዚህ ከተማ እንደኔ የሚጠብቅ ካለ ይምጣና ይታይ።

ታዲያ ልጁ ከሰዓት ለምን ይረብሻል? አስተማሪዋ ናታ! የከሰዓቷን አስተማሪ ድምፅ ሰምቼዋለሁ። እኔንም ወንበር ላይ ያስወጣኛል።

ማክሰኞ፣ ግንቦት 26

ሐኪሙ ጋ ነበርኩ፣ የወሩን ማዘዣ ለማደስ። ዶክተር ለሊሳ። ገና ጺሙን በቅጡ ያላበቀለ። የትምህርት ቤቱን ደብዳቤ ሁለቴ አነበበው።

"ችግሩ ከምሳ በኋላ ብቻ ነው?"

"ብቻ።"

"የቀኑን ማን ነው የሚሰጠው?"

"እናቱ።"

እስክሪብቶውን አስቀመጠ። ከዚያ ምን ቢለኝ ጥሩ ነው? "ቤት ውስጥ ሌላ የሚወስደው ሰው ይኖራል?"

እኔን! አሥራ አንድ ዓመት ፋርማሲ የቆምኩትን! ደሜ ፈላ። "ዶክተር፣ እኔ በፍሬ ቆጥሬ ነው የምይዘው። ይህን ጥያቄ ለሌላ ሰው ያቆዩት" አልኩት።

አልተቆጣም። አለመቆጣቱ ደግሞ የባሰ አናደደኝ። "ለሁሉም እጠይቃለሁ፣ እርስዎን ብዬ አይደለም። እናቱን ባናግር ደስ ይለኛል" አለ። አይገባትም አልኩት። "እኔ አስረዳታለሁ" አለ። አስረዳታለሁ! እንግዲህ እሱ ከእኔ በላይ ዙሀራን ሊያውቃት ነው።

በሚቀጥለው ቀጠሮ፣ ሰኔ 26፣ ለውጥ ካልታየ መጠኑን ከፍ ማድረግ ሊኖርብን ይችላል አለ። ዘጠኝ ዓመት ልጅ ላይ... አልወደድኩትም። ግን ከትምህርት ቤት ከሚባረር?

ዓርብ፣ ግንቦት 29

አረፋ። ቤቱ በዘመድ ሞላ። ዙሀራ እንግዳ ስታስተናግድ የቀኗንም እኔው አስዋጥኩት። ኑሕ ቀኑን ሙሉ ረጋ ብሎ ዋለ፣ ለእንግዳ ውሃ ሲያመላልስ። አጎቶቹ መረቁት። ሰው ፊት ሲሆን ጨዋ ነው ለካ! አስተማሪዋ ናት ብያለሁ።

ሰኞ፣ ሰኔ 2

ተአምር። አልፊያ ታነባለች። ከምሳ ተመልሳ እስከ እራት ከወንበር አልተነሳችም አሉኝ። ማስታወሻዎቿን በሦስት ቀለም ጽፋቸዋለች። አላመንኩም፣ ሁለቴ ገብቼ አየኋት። ስልኩ የለም።

"ምን ነክቶሽ ነው?" ስላት፣ "ገባኛ" አለች።

የእኔ ምላስ ነው የሠራው። ዙሀራ ሁሌ "ልጄን አታስጨንቂያት" ትላለች። ይኸው፣ ልጅ ካልተነገረው ሰው አይሆንም። ትንሽ ከሳች ግን። ክሳት ከሆነ ችግሩ ፈተናው ካለፈ በኋላ ይታያል።

ማክሰኞ፣ ሰኔ 10

ኑሕን አስተኝቼ ነው የምጽፈው።

ስምንት ሰዓት ተኩል ላይ ዙሀራ ደወለች። ኑሕ ከክፍል ሮጦ ወጥቶ፣ በር ጠባቂውን አልፎ፣ አስፋልቱን ሊያቋርጥ ሲል ባጃጅ ጎኑን ገጨው። ጉልበቱና ክርኑ ተልጧል፣ ሌላ ነገር የለም፣ አልሐምዱሊላህ። ለምን ወጣህ ሲሉት፣ "እንትን ላይ... ወፍ አይቼ" አለ። ወፍ!

ርዕሰ መምህሩ አቶ ገረሱ ግን የልጁን ጉልበት አላየም። ያየው የራሱን ስም ነው። "ትምህርት ቤታችን እንዲህ ዓይነት ልጆችን የሚይዝ ተቋም አይደለም።" እንዲህ ዓይነት! ሐምሌ 4 ወላጅ ከሐኪም ማስረጃ ጋር ይቅረብ፣ አጥጋቢ ካልሆነ ይሰናበታል አለ። ወፍራም አንገቱን እያሸ ነው የሚናገረው። በዚህ ዓይነት ሰው እጅ መውደቅ...

ግን ልክ እንደሆነ አውቃለሁ። ቀጥሎ ባጃጅ ላይሆን ይችላል።

ረቡዕ፣ ሰኔ 11

መጠኑ ይጨመር። ወስኛለሁ። ቀጠሮው ላይ ራሴ እጠይቃለሁ።

ቅዳሜ፣ ሰኔ 14

የኑሕ የክፍል ፈተና ትናንት አለቀ። ትምህርት ቤቱ እስኪዘጋ ድረስ ሱቅ ከእናቱ ጋር ይውላል። ዛሬ ከሥራ ስገባ ድካሙ ከእግሬ እስከ ራሴ። ሱሚ የሚባል ልጅ ለእናቱ የስኳር መድኃኒት ፈልጎ ሦስቴ አመላልሶኛል፣ ማዘዣውን ቤት እየረሳ።

ጫማዬን ሳላወልቅ ዙሀራ መጣች። "ፈቲ፣ ያ የኑሕ ቫይታሚን... ለትልቅ ልጅም..."

"ዙሀራ፣ በአላህ! ለደንበኛ ስመልስ ውዬ ቤቴም ፋርማሲ ይሁን? ቫይታሚን ቫይታሚን ነው። ምኑ ነው የሚከብደው?"

ሻይ አመጣችልኝ። ይህን ሁሉ ዓመት አብረን ኖረን አንድ ነገር ሁለቴ ሳትጠይቅ ማለፍ አልለመደችም፤ ዛሬ ግን አልደገመችም።

ሰኞ፣ ሰኔ 16

አልፊያ እራት አልበላችም። ትናንትም። "ጠግቤያለሁ።" ከምን ተነስተሽ? ሞዴል ልትሆኚ ነው? አልኳት። እጇ ሲንቀጠቀጥ አየሁ፤ በቀን ሦስት ስኒ ቡና ትጠጣለች፣ በጣሳ ያለውን ኃይል ሰጪ መጠጥም ቦርሳዋ ውስጥ አይቻለሁ። ወጣቱ ሁሉ ያው ነው፣ እንቅልፍን እንደ ጠላት ያየዋል። ደግ አደረገች ግን፣ ታነባለች።

ዓርብ፣ ሰኔ 20

እንዴት እንደምጽፈው አላውቅም።

አምስት ሰዓት ላይ ከማላውቀው ቁጥር ተደወለ። "የአልፊያ ዘመድ ነሽ? ታክሲ ውስጥ ወድቃለች።" ከማጠናከሪያ ትምህርት ወደ እናቷ ሱቅ ስትመለስ ነው። ተሳፋሪዎቹ እዚህ ቤቴል ያለ ክሊኒክ አስገቧት። ነጭ ጋወኔን እንደለበስኩ ሮጥኩ።

ተኝታለች። ከንፈሯ ነጭ። ልቧ በደቂቃ መቶ አርባ ስምንት ይመታል። ነርሷ፣ "የምትወስደው መድኃኒት አለ?"

"የለም" አልኩ። "ፋርማሲስት ነኝ፣ ቤታችን ውስጥ እኔ ሳላውቅ የሚወሰድ ነገር የለም።" እንደዚህ ብዬ ነው ያልኩት፣ አፍንጫዬን ነፍቼ።

አልፊያ ዓይኗን ገለጠች። "የኑሕን ቫይታሚን" አለች።

ነርሷ "የምን ቫይታሚን?" ብላ ወደ እኔ ዞረች። ይህ ሁሉ ሰውን የሚቆርጥ ምላስ... የመድኃኒቱን ስም የተናገርኩት ለሦስተኛ ጊዜ ስትጠይቀኝ ነው። ሐኪሙን ጠራች። የልብ ምርመራ አደረጉላት፣ ግሉኮስ ሰቀሉላት። ምን ያህል? ሲሏት፣ መጀመሪያ ግማሽ ግማሽ፣ ካለፈው ሳምንት ወዲህ ሙሉ፣ ዛሬ ጠዋት ግን ትናንት ያስቀመጠቻትን ጨምራ በዚያ ኃይል ሰጪ መጠጥ እንደዋጠችው ነገረቻቸው። "ፈተናው ደረሰ ብዬ" አለች።

ወደ ማታ ልቧ ወደ መቶ ወረደ። ሐኪሙ እግዚአብሔር ነው ያተረፋት አለ።

ዙሀራ ስትገባ ገና ከበሩ ነው የጮህኩት፣ "ምን ሰጠሻት!" ብዬ። እህቴ መሐል ወለሉ ላይ ቆመች። አላለቀሰችም። ይህ ነው የሚገርመኝ... አላለቀሰችም።

"ቫይታሚን" አለች። "አንቺ ቫይታሚን ነው አላልሽኝም?"

ቅዳሜ፣ ሰኔ 21

ፋርማሲ አልሄድኩም። ቁልፉን ከአንገቴ አውልቄ ጠረጴዛ ላይ አስቀመጥኩት። አንዲት ፍሬ እኮ አልጎደለችም... መዝገቡ ልክ ነው... ከመዝገቡ ወጥታ የት እንደምትሄድ ግን አልጠየቅኩም።

እሁድ፣ ሰኔ 22

አልፊያ ትናንት ከክሊኒክ ወጣች። ዛሬ እስከ ስድስት ሰዓት ተኛች። ዙሀራ ከዓርብ ማታ ወዲህ አላናገረችኝም፣ ዛሬ ሽንኩርት እየከተፈች አናገረችኝ፣ ፊቷን ሳታዞር።

"ለጭንቅላት ነው አልሽኝ። ቫይታሚን ነው አልሽኝ። አንዱ ልጄ ሲውጥ አንዷ ተቀምጣ ታያለች? እሷ ናት ፈተና ያለባት። እኔ ቤት ማን ለብቻው በልቶ ያውቃል? ሚያዝያ ላይ ጀምሬ በቢላ ለሁለት ከፈልኩላቸው። ግማሽ ለእሱ፣ ግማሽ ለእሷ። የኑሕ ፈተና ሲያልቅ ደግሞ እሱ ትንሽ ይታገስ፣ የእሷ ሐምሌ ነው አልኩ።"

ሚያዝያ። ትምህርት ቤቱ ደብዳቤ የጻፈው ግንቦት ላይ ነው። ኑሕ በግማሽ መድኃኒት ነበር የሚውለው። ያ ባጃጅ... እኔ ደግሞ መጠኑ ይጨመር ብዬ ወስኜ ነበር! ብጨምረውስ ኖሮ? ግማሹ ለማን ነበር የሚደርሰው?

"ለምን አልጠየቅሽኝም?" አልኩ። ምን ዓይነት ፊት ነው ያለኝ?

ቢላውን አስቀመጠች። "ጠየቅኩሽ እኮ። ጫማሽን ሳታወልቂ።"

መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ። እውነት እላለሁ፣ አሥራ አንድ ዓመት ሰው ስንቅ ስኖር እንዲህ የተዋረድኩበት ቀን የለም።

አልፊያ ክፍል ገባሁ። አልጋዋ ጫፍ ላይ ተቀመጥኩ። ጠርጥራ እንደነበር ነገረችኝ። ልቧ ሲደልቅ፣ እንቅልፍ ሲጠፋ፣ ቫይታሚን እንዲህ አያደርግም ብላ ስልኳ ላይ ፈልጋለች። የፍሬዋን ቅርጽ አይታ አውቃዋለች።

"ታዲያ ለምን ቀጠልሽ? ለምን ለእኔ አልነገርሽኝም?"

ብርድ ልብሱን ወደ አገጯ ሳበች። "ሚያዝያ ላይ ሁሉም ስልኬ ላይ ነበር የሚያልቀው፤ ከኑሕ ጋር ካወዳደርሽኝ በኋላ ግን ማንበብ ቻልኩ። አንቺም ማመስገን ጀመርሽ። ከዚያ ሲብስብኝ ልነግርሽ ነበር... ያቺን ልጅ እንዳሳቅሽባት እራት ላይ ታስቂብኛለሽ ብዬ ነው።"

ዳባን ጉግል ብዬው ነበር። አልፊያም የጠየቀችው ጉግልን ነው።

ሐሙስ፣ ሰኔ 26

ሐኪሙ ጋ ዙሀራና እኔ። ኑሕን መሐላችን አድርገን። ዶክተር ለሊሳ ፊት ሁሉንም ራሴ ተናገርኩ። ቫይታሚን ማለቴን፣ ያን ቀን የተቆጣሁትን፣ ሁሉንም። ይሰድበኛል ብዬ ተዘጋጅቼ ነበር። ልክ ነበርኩ እንኳን አላለም። ቢል ይሻለኝ ነበር፣ መልስ አላጣም ነበር።

ወንበሩን ወደ ዙሀራ አዞረ። የኑሕ ጭንቅላት የያዘውን ሥራ ቶሎ ቶሎ ይለቀዋል፣ መድኃኒቱ መያዣውን ያጠብቅለታል አላት። አልፊያ መያዣዋ ደህና ነው፤ እሷ ላይ ሲሆን ልብን ነው የሚያሯሩጠው። አምስት ደቂቃ አልፈጀም። ገባት። እኔ ስምንት ወር አይገባትም ያልኩት አምስት ደቂቃ ውስጥ ገባት!

ከዚያ እሷ መጠየቅ ጀመረች። ማታ ሲከፋው መድኃኒቱ ሲያልቅ ነው ወይ? ምሳው ከመድኃኒቱ በፊት ነው ወይስ በኋላ? ስንት ዓመት? ሲያድግ ጓደኞቹ ስጠን ቢሉት ምን ይበል? ይህን የመጨረሻውን እኔ አስቤው አላውቅም። ሐኪሙ ወደ ኑሕ ዞር ብሎ መለሰላት። "ለእኔ ብቻ የተለካ ነው ይበል። እንደ መነጽር ነው ይበል።" መጠኑን አልጨመረም። ችግሩ መጠኑ አልነበረም። የአልፊያንም ስም ጻፈ፤ ከፈተናው በፊት ልብ ሐኪም እንዲያያት።

ስንወጣ ዙሀራ ማዘዣውን ከእጄ ወሰደችው። "የመድኃኒቱን ስም በአማርኛ ጻፊልኝ" አለች። ጻፍኩላት። ታክሲ ውስጥ እስከ ዓለም ባንክ ወረቀቱን አልለቀቀችም።

ማክሰኞ፣ ሐምሌ 1

ልብ ሐኪሙ ደህና ናት አለ። አልፊያ ለፈተና ነገ ጓዟን ይዛ ትሄዳለች። ትናንት ዘጠኝ ሰዓት ሙሉ ተኛች። ካነበበችው ግማሹ እንደጠፋባት ነገረችኝ፣ ያኔ የተማረች መስሏት ነበር። "ብወድቅስ?" አለች። "ትደግሚያለሽ" አልኩ። ሌላ የሚያቆስል ነገር አፌ ላይ መጥቶ ነበር። ዋጥኩት።

ዓርብ፣ ሐምሌ 4

አልፊያ ዛሬ ሁለተኛ ቀን ፈተና ላይ ናት። እኛ አቶ ገረሱ ቢሮ።

ኮሪደሩ ልጅ ሊያስመዘግብ በመጣ ወላጅ ጢም ብሏል። የሐኪሙን ማስረጃ ይዤ፣ የምናገረውን ሌሊቱን አዘጋጅቼ... ያን ወፍራም አንገት በሁለት ዓረፍተ ነገር ልሰባብረው። አፌን ስከፍት ዙሀራ ክንዴን ያዘች።

"አንቺ ዝም በይ። እናቱ እኔ ነኝ።"

ማስረጃውን ሰጠኋት።

"ልጄ የአእምሮ ሐኪም ጋ ይታከማል" አለችው፣ የሱቅ ድምፅዋን አውጥታ። አቶ ገረሱ ደነገጠ። "ወይዘሮ ዙሀራ... በሩን ልዝጋው?"

"አይዝጉት። የሚወስደው ሜቲልፌኒዴት ይባላል።" ሳትደናቀፍ ጠራችው። "በቀን ሁለቴ ነው፣ በሐኪም ልክ። የቀኑን ለሌላ ልጅ አካፍዬበት ነው የረበሸው። ጥፋቱ የእኔ ነው እንጂ የእሱ አይደለም። ከመስከረም ጀምሮ ክሊኒካችሁ ውስጥ፣ ነርሷ እያየች፣ ሙሉውን ይውጣል። ከዚያም ከረበሸ ያሰናብቱት።"

አቶ ገረሱ ማስረጃውን አገላበጠ። አንገቱን አሸ። ቆይቶ፣ "ለአንድ መንፈቅ ዓመት እንየው" አለ። ይህችን ለማለት ያን ያህል መቀመጥ! ግን አለ። ኑሕ ተመዘገበ።

ስንወጣ ሰልፍ ላይ የነበሩት እናቶች መንገድ አልለቀቁልንም። አንዷ፣ ልጇን በእጇ የያዘች፣ ዙሀራን ጠጋ አለቻት። ለእሷም ትልቅ ልጅ ጓደኞቹ የሚሰጡት ነገር አለ፣ ለጥናት ቫይታሚን ነው ይላታል። ዙሀራ ቫይታሚን አይደለም አለቻት፣ እኔንም ቫይታሚን ነው ብለውኝ ልጄን ላጣት ነበር አለቻት።

ሴትዮዋ እጇን አፏ ላይ ጫነች። "ያረቢ! እንዲህ ያለሽ ማን ነው?"

ዙሀራ አላየችኝም። ሆን ብላ ወደ መሬት አየች። ስሜን ሳትጠራ ልታልፈኝ ነበር፣ አውቃለሁ።

"እኔ ነኝ" አልኩ። "እህቷ ነኝ። ፋርማሲስት ነኝ።"